ከሾላው ሥር ያለው ጉድጓድ

ይድረስ ለአባቴ፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላህ። ከቀብሩ ወዲህ እንዴት ሰነበቱ? ጉልበትዎን ተሻለዎት? እማዬስ እህል መቅመስ ጀመረች? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ከሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አራት ኪሎ ድረስ በእግሬ እመላለሳለሁ፤ ያዘዝኩት ማኪያቶ ፊቴ ተቀምጦ ይቀዘቅዛል። ለወንድሜ ለየሲን እስካሁን አላለቀስኩም። እንባው የት እንደገባ አላውቅም።

ትናንት አጎቴ ሙደሲር ደውሎ፣ የሲን ናዳ የወረደበትን ጉድጓድ ለአርባው ቆፍራችሁ ልትጨርሱት፣ ውሃውም ለነፍሱ ሰደቃ እንዲሆንለት ማሰባችሁን ነገረኝ። እሺ ብዬ ዘጋሁት። እሺ ማለት አልነበረብኝም።

ለዒድ መጥቼ ውሃ ፍለጋ ብረት እየተከልኩ ኤሌክትሪክ ወደ መሬት ስሰድ አይተውኛል። መሣሪያው የሚሰጠው ቁጥር ብቻ ነው። ከሥር ያለውን መጀመሪያ የምንገምተው እኛ ነን። ኮምፒውተሩ መሬቱ እንደ ግምታችን ቢሆን ምን ቁጥር ይወጣ እንደነበር ያሰላል፣ ከለካነው ጋር ያስተያያል፣ ግምቱን ትንሽ ያርምና እንደገና ያሰላል። ልዩነቱ እስኪያንስ እንዲህ ይመላለሳል። ክፋቱ፣ የተለያየ መሬት አንድ ዓይነት ቁጥር ሊሰጥ ይችላል፤ ስለዚህ ከብዙ ግምት ተነስቶ ማየት ያስፈልጋል።

እኔ ከአንድ ግምት ብቻ ተነሳሁ፤ ከእርስዎ። ከሾላው ሥር አፈሩ በበጋም አይደርቅም፣ አስራ ሁለት ሜትር ላይ ውሃ አለ ብለውኝ ነበር። የአባቴን ቃል ትቶ ከሌላ መጀመር ነውር መሰለኝ። በሦስተኛው ዙር ቁጥሩ ተቀራረበና ውሃው አለ ብዬ ደወልኩልዎ። እርስዎም መስጊድ በር ላይ «ኮምፒውተሩም እንደኔ አለ» ብለው ለሰው ተናገሩ። አባባ፣ ኮምፒውተሩ የራስዎን ቃል ነው መልሶ የነገረዎት። የሲን ያንን አምኖ ገባ።

ከለቅሶው ከተመለስኩ ወዲህ ከአስራ አንድ የተለያየ ግምት ተነስቼ ደጋግሜ አሰላሁ። ዘጠኙ ከሾላው ሥር ያለው እርጥብ ዋልካ ነው ይላሉ። እርጥብ ዋልካ ኤሌክትሪክን እንደ ውሃ ያሳልፋል፤ ሲቆፈር ግን ግድግዳው አይቆምም። እርስዎ ገበሬ እንደሚገምተው ገመቱ። መጠራጠር የተማርኩት እኔ ነበርኩ።

ሰዎች ቀደር ነው፣ አላህ የጻፈው ነው እያሉ ያጽናኑኛል፤ አንገቴን እነቀንቃለሁ። ብቻ እዚያ ጉድጓድ ውስጥ ማንም እንዳይገባ። ለአርባው ይድፈኑት። ሌላ ሰው አለመሞቱ ሰደቃ ይሁንለት።

እማዬን፣ እህቴን ረይሀናን፣ አጎቴ ሙደሲርን ሰላም ይበሉልኝ። ለየሲን ሚስት ለነጂባ ግን ሰላምታዬን ከማድረስዎ በፊት ይህን ደብዳቤ ያንብቡላት። ከእሷ ስም ቀጥሎ የተሰረዘ ስም አለ። እጄ የባልና ሚስቱን ስም አብሮ መጻፍ ለምዶ ነው።

ልጅዎ ሳሊሀ
አራዳ፣ አዲስ አበባ
ግንቦት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.