ለሚናስ አባት ላገኛችሁለት ክቡራን

ይድረስ በእንግሊዝ አገር የቤተሰብ ድጎማ ለማን እንደሚገባና ለማን እንደማይገባ ለምትወስኑ ክቡራንና ክቡራት፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናችሁ እንደ ማኅተማችሁ የጸና፣ ወንበራችሁ የማይቆረቁር፣ ሻያችሁም የማይቀዘቅዝ እንዲሆን ከዳባት ከተማ እመኛለሁ። እኔ የስሜን ብርድ ጉልበቴን ከመያዙ በቀር ደኅና ነኝ። ስሜ አሻግሬ ደርቤ ነው፤ ሠላሳ አራት ዓመት እንግሊዝኛ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። የእናንተን ደብዳቤዎች ማንበብ ከጀመርሁ ወዲህ ግን ቋንቋውን አውቃለሁ ብዬ ያስተማርኋቸውን ልጆች ሁሉ ይቅርታ ለመጠየቅ አስቤያለሁ።

ምናልባት ከባለጉዳዩ ብዛት የተነሣ ካላስታወሳችሁኝ፣ ሊድስ ከተማ የምትኖረው የስጦታ አባት ነኝ። ስጦታ በአረጋውያን መጦሪያ ስትሠራ አንድ ሽማግሌ ከወደቁበት ስታነሣ ወገቧ ተጎድቶ ከሥራ የቀረችው፣ ባሏ ቀደም ብሎ ጥሏት የሄደው፣ ሦስት ልጆች የምታሳድገው ናት። ከሦስቱ ሁለቱ የራሷ ናቸው። ሦስተኛው ሚናስ የወንድሟ የልደቱ ልጅ ነው። ልጄ ልደቱና ሚስቱ፣ ሚናስ ገና ሁለት ዓመት ሳይሞላው፣ ሊማሊሞ ላይ በመኪና አደጋ ሞቱብኝ። ለለቅሶ የመጣችው ስጦታ የሕፃኑን የአሳዳጊነት ወረቀት በሰው ምስክር ስታስጨርስ ከርማ ይዛው ተመለሰች። ዛሬ ዘጠኝ ዓመቱ ነው።

እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር እንዳቀርብ ይፈቀድልኝ።

፩ኛ. ስለ ጥያቄዎቻችሁ ብዛት አመሰግናለሁ። ስጦታ ቅጻችሁን ገጽ በገጽ በስልኳ እያነሣች ትልክልኝ ነበር፤ እኔም መዝገበ ቃላቴን ዘርግቼ የትኛው ድጎማ እንደሚገባት ለማወቅ ሦስት ሳምንት ፈጀሁ። ለቤት ኪራይ የሚሰጥ አለ፤ ለልጆች የሚሰጥ አለ፤ ታሞ መሥራት ላልቻለም አለ። ሆኖም አንዱን ስትስበው ሌላው ይሸሻል፤ ራስ ሲሸፍኑበት እግር የሚያጋልጥ አጭር ጋቢ ነው። ቢሆንም ሸማኔው ደክሞበታልና ምስጋና ይገባዋል።

፪ኛ. ድጎማው ለሁለት ልጆች እንጂ ለሦስተኛ እንደማይሰጥ፣ ሦስተኛው ወላጆቹ የሞቱበት የዘመድ ልጅ ከሆነ ግን ማስረጃ ቀርቦ እንደሚታይ ስለገለጻችሁልን አመሰግናለሁ። ማስረጃውን ፍለጋ ልደቱ ይኖርበት ወደነበረው ወደ ደባርቅ ሄድሁ። ሚናስ ቤት ውስጥ ስለተወለደ የልደት ወረቀት አልነበረውም፤ ስጦታ ያን ጊዜ ያወጣችው የአሳዳጊነት ወረቀትም የወላጆቹን ሞት አያነሣም። የመዝገቡ ሠራተኛ የቀድሞ ተማሪዬ ነው፤ ከወንበሩ ተነሥቶ እኔን ካስቀመጠኝ በኋላ፣ «መምህር፣ ልጁ እዚህ የለም። የሌለ ልጅ እንዴት አድርጌ ልመዝግብልዎ?» አለኝ።

«የወላጆቹን ሞትስ?» አልሁት።

አቀርቅሮ፣ «መኖራቸውን ሳንመዘግብ መሞታቸውን እንዴት እንጽፋለን?» አለ። እሱም አፍሮ፣ ከቤተ ክርስቲያን ወረቀት ባመጣ እንደሚሻል መከረኝ።

ሚናስን ያጠመቁት ቄስ ገዱ መዝገባቸውን አውጥተው በሚያምር እጅ ጽሑፍ ገለበጡልኝ። የልደቱንና የሚስቱን ስም፣ የሞቱበትን ቀን፣ ልጁ የተጠመቀበትን ቀን፣ የክርስትና አባቱንም የያርጋልን ስም ጽፈው ማኅተም አደረጉበት። ጎንደር ወስጄ አስተረጎምሁት። ተርጓሚው «የክርስትና አባት» የሚለውን ቃል በቃል «ክርስቲያን አባት» ብሎ አለፈው፤ እኔም አይቼ አላረምሁትም። ይህ የእኔ ጥፋት ነው። የምጽፈውም በዚህ ሁሉ ወረቀት ውስጥ ጥፋቱን የሚያምን አንድ ሰው እንኳ እንዲገኝ ብዬ ነው።

፫ኛ. እዚህ ላይ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። በወረቀቱ ላይ ከሰፈሩት ሁለት አባቶች በሕይወት ያለውን መርጣችሁ፣ ሚናስ፣ ያርጋል የሚባል፣ ሃይማኖቱ ክርስቲያን የሆነ አባት እንዳለው፣ ስለዚህም የሙት ልጅ እንዳልሆነ ጻፋችሁ። ስጦታም ከዚህ ሰው ጋር እንደ ባልና ሚስት ትኖር እንደሆነ እስኪጣራ ድረስ፣ የቤት ኪራዩን ጨምሮ ክፍያውን ሁሉ አገዳችሁ። ያርጋል የሰባ ሁለት ዓመት ሽማግሌ ነው፤ በየዳ ወረዳ ውስጥ ገብስ ያርሳል፤ ከጎንደር ወዲያ አልፎ አያውቅም።

ይህን ደብዳቤ መጀመሪያ ያነበበው ሚናስ ነው። ከትምህርት ቤት ሲመለስ ከበሩ ሥር አነሣው፤ የራሱን ስም ቢያይበት ከፈተው። ስጦታ ከሐኪም ስትገባ ጫማውን ሳያወልቅ ወንበር ላይ ተቀምጦ ጠበቃትና፣ «አባቴ አልሞተም እንዴ? መቼ ነው የምንሄደው?» አላት። ልጄ ይህን የነገረችኝ በስልክ ነው። ክቡራን፣ ይህን የማነሣው ለማማረር አይደለም። ደብዳቤያችሁ ለዘጠኝ ዓመት ልጅ እንኳ በሚገባ ግልጽ እንግሊዝኛ የተጻፈ መሆኑን ለመመስከር ነው።

፬ኛ. ያርጋል የልጁ አባት እንዳልሆነ ራሱ ፈርሞ ያረጋግጥ ስላላችሁ አመሰግናለሁ። ላክሁበት። ግማሹን መንገድ በእግሩ፣ ግማሹን በጭነት መኪና መጥቶ በሁለተኛው ቀን ቤቴ ደረሰ። ያዘጋጀሁትን ወረቀት አነበብሁለት፤ «የሚናስ አባት አይደለሁም» ይላል። አውራ ጣቱን ቀለሙ ላይ ሊያሳርፍ ካለ በኋላ መለሰው።

«መምህር፣ ይኸንንስ አልፈርምም» አለ።

«ልጆቹ ከቤት ሊወጡ ነውኮ» አልሁት።

«ገብቶኛል። ግን ታቦት ፊት ቆሜ አባት እሆነዋለሁ ብዬ ተቀብየዋለሁ። ወላጁ ሲሞትበት እኔ ደግሞ ለወረቀት ብዬ ልካደው? ሌላ ይጻፉልኝ።»

ተቆጣሁ። ከሦስት ልጆች ማደሪያ የአንቱ ቃል ይበልጣል ወይ አልሁት። ጋቢውን አጣፍቶ ተቀመጠ። ቁጣዬ እስኪበርድ ጠብቆ፣ «የወረቀቱ ሰዎች ማወቅ የፈለጉት ምኑን ነው?» ሲል ጠየቀኝ።

«ወላጅ አባቱ አለ ወይ ነው የሚሉት።»

«እንግዲያስ እሱን እንንገራቸዋ» አለና እንዲህ አጻፈኝ፦

«ያርጋል እባላለሁ። ሚናስን የወለደው ልደቱ ነው። ልደቱን ከገደሉ ካወጡት ሰዎች አንዱ እኔ ነኝ፤ መቃብሩንም ቆፍሬያለሁ። የልጁ የክርስትና አባት ነኝ፤ ይህን አልክድም። ሴትዮዋን ከለቅሶው ሰሞን በቀር አላየኋትም። ልጁን አንተ አሳድግ ካላችሁኝ ወዲህ ላኩት።»

እንዳለ ተረጎምሁት። የክርስትና አባት ምን ማለት እንደሆነም ከሥሩ ግማሽ ገጽ ጨመርሁ።

በዚያው ዕለት ከሰዓት ስጦታ ደወለች፤ ሚናስ ያርጋልን ካላነጋገርሁ እያለ አስቸግሯት ነበር። አማርኛው ጥቂት ስለሆነ እኔ መካከል ገባሁ። «አባቴ አንተ ነህ?» አለ። ያርጋል ስልኩን በሁለት እጁ ይዞ፣ «ወላጅህ ልደቱ ነው፤ ሞቷል ልጄ፤ አልዋሽህም። እኔ እሱ ቢጎድል ብለው ያቆሙልህ ነኝ» አለው። ይህን አቃንቼ መተርጎሜን እስከ ዛሬ አላውቅም። ሚናስም አባቴ ምን ይመስል ነበር ብሎ ጠየቀው፤ ያርጋልም ስለ ቁመቱ፣ ስለ አካሄዱ፣ ሲስቅ አፉን በእጁ ይሸፍን እንደነበር ነገረው። እኔ ስለ ሟቹ ልጄ በእንግሊዝኛ ስናገር ያ የመጀመሪያዬ ነበር።

፭ኛ. ክፍያው በታገደ በሰባተኛው ወር ውሳኔያችሁ ደረሰን። ሚናስ የሙት ልጅ መሆኑ ስለተረጋገጠ ድጎማው እንደተፈቀደለት በደስታ ገልጻችኋል፤ ደስታችሁን ተጋርተናል። ያገዳችሁትንም ከፍላችኋል። በመካከሉ ግን ስጦታ ቤቱን ለቅቃ ነበር። አራቱም በጓደኛዋ ቤት አንዲት ክፍል ውስጥ ሁለት ወር ከርመዋል፤ አከራዩም ቤቱን ለሌላ ሰው ሰጥቶታል። አሁን ሌላ ሰፈር ገብተዋል፤ ልጆቹ ትምህርት ቤት ቀይረዋል። የስጦታ ወገብ አልተሻለውም። ሚናስ በየእሑዱ ይደውልልኛል፤ አማርኛ አስተምረኝ ብሎኝ ጀምረናል።

የመዝገብ ቁጥራችሁን ከራሱ የልደት ቀን አብልጦ ያጠናው፣ ታገሥ ሳይባል የታገሠው፣ ዘወትር አክባሪያችሁ፣

አሻግሬ ደርቤ
ጡረተኛ መምህር፣ ዳባት

ማስታወሻ፦ በውሳኔያችሁ ግርጌ፣ አስፈላጊ ሆኖ ሲገኝ ያርጋል የሚኖርበትን ቤት በአካል የሚያጣራ ሠራተኛ ልትልኩ እንደምትችሉ ጠቅሳችኋል። እባካችሁ ላኩ። ከደባርቅ በኋላ መንገዱ አስቸጋሪ ነውና ሠራተኛው ደክሞትና ርቦት ይደርሳል። ያርጋልም ማን እንደሆነ፣ ከማን ጋር እንደሚኖር፣ ስንት ልጅ እንዳለው ሳይጠይቅ ያበላዋል። ሠራተኛው ይህ በየትኛው ቅጽ እንደሚሞላ ይቸገር ይሆናልና አስቀድማችሁ አስረዱት።