ለዓሣ ቤቱ የጎደለው ፊርማ

ኧርቪንግ፣ ሚያዝያ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምናፍቅህ ባለቤቴ፣ ለከፍያለው፤

እንዴት ከረምክ? እኛ ደኅና ነን፤ ቤቱ ግን ሰፍቶብናል። ከኤርፖርት ሥራ ስወጣ መኪናህን አቁመህ የምትጠብቀኝ ይመስለኝና ዞር ዞር እላለሁ። ከሄድክ ይኸው ስምንት ወር ሆነህ፣ እስካሁን አልለመድኩትም።

በስልክ ስናወራ ስለምንጣላ ነው የጻፍኩልህ። የላክልኝ ፎርም ጠረጴዛው ላይ ነው። መንግሥት አውሎ ነፋስ የጎዳትን፣ አንተ ያለህባትን የባሕር ጠረፍ ከተማ መልሶ ለማቋቋም የሚሰጠው ድጋፍ ከነቤተሰቡ እዚያ ለሚኖር ሰው እንደሆነ ገብቶኛል። እስከ ዓርብ እዚያ እኖራለሁ ብዬ ካልፈረምኩ የከፈትከው የዓሣ ምግብ ቤት ያላለቀ እድሳት ይቆማል።

ግን ጥፋቱ የእኔ ብቻ ነው? የዓሣ ቤት በሁዳዴ የሚያስመርቅ ሐበሻ አንተን አየሁ! አንተ በጾም ዓሣ ይበላል ባይ ነህ፤ እኔ አልበላም። በምረቃው ላይ እኔና ልጃችን ዜማ ከቤት የያዝነውን ሽሮ በዳቦ ስንበላ ያዩት የከተማው ሹም፣ "ሚስቱ ያልቀመሰችውን ማን ሊበላለት ነው? እዚህስ ትኖራለች?" ብለው ቢጠረጥሩ ይፈረድባቸዋል? ፊርማዬን የጠየቁት ከዚያ ወዲህ ነው።

ቤተ ክርስቲያን በቅርብ የለም አልኩህ። ነፋሱ ራሴን ያሳምመኛል አልኩህ። ትናንት ልጅህ፣ "ማሚ፣ ዳዲ እዚያ ሃፒ ነው። ለምን ሙቭ አናደርግም?" አለችኝ። ነፋሱን ሳነሳባት፣ "ሶ? ጃኬት ልበሺ!" ብላኝ ወደ ክፍሏ ገባች።

እውነቱን ልንገርህ። በምረቃው ቀን በር ላይ ቆመህ ከዓሣ አጥማጆቹ ጋር ስትስቅ አየሁህ። አሰብ ወደብ ላይ ያደግህ ልጅ መሆንህን ሁሌ ትነግረኝ ነበር፤ ያን ልጅ ያየሁት ግን ያን ቀን ነው። አሥራ ሁለት ዓመት አብሬህ ስኖር እንዲያ ስትስቅ አይቼህ አላውቅም። ከፋኝ፣ ቀናሁም። እኛ ስንመጣ ያ ሳቅ ቢቀርስ ብዬ ፈራሁ።

በናፍቆት ከመሞት ግን ፈርቼም ቢሆን መምጣት ይሻለኛል። ፈርሜያለሁ፤ ፎርሙ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አለ። የዜማ ትምህርት ቤት እንደተዘጋ እንመጣለን። አንድ ነገር ብቻ እለምንሃለሁ፤ መምጣታችን ደስ ካላሰኘህ፣ ለእኔ ብለህ ደስ ያለህ አትምሰል።

ማዕበሉን ገሥጾ ያስቆመ አምላክ እስክንገናኝ ይጠብቅህ።

የአንተው፣
ዓለምጌጥ