አልሰጥም የሚለው አባት

ለምወድሽና ለማከብርሽ እኅቴ ለጀሊላ፣ ጅዳ፤

አሰላሙ ዓለይኩም። እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽንስ ተሻለሽ? ባልሽና ልጆችሽስ ደህና ናቸው? እኛ ከናፍቆትሽ በቀር አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። በስልክ ተነግሮ የሚያልቅ ስላልሆነ ነው መጻፌ።

ልጄ ሪሃብ ልትዳር ነው። የፈለጋት የኮሌጅ መምህር ነው፣ ጨዋ ልጅ። ሽማግሌ እልካለሁ ካለ ግን ሦስት ወር አልፎት ነበር፤ እሷም ሐሳቡን ቀይሯል ብላ ከሰውነት ተራ ወጥታ ነበር። ለካ ጥፋቱ የእኔ ኖሯል። የተመረጠው ሽማግሌ ሁሉ ስሜን ሲሰማ እዚያ ቤትስ አልሄድም ይል ነበር።

አይፈረድባቸውም። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በፊልሙም በተከታታይ ድራማውም የሚሰጠኝ ያው ልጁን አልሰጥም የሚለው አባት ነው። ዋና ተዋናይ ሆኜ አላውቅም፤ ግን እንጀራዬ ነው፣ ተመስገን። ዓባይ ማዶ ባጃጅ ስሳፈር እንኳ ሾፌሩ ዞር ብሎ ልጅቱን ስጣት እንጂ ይለኛል።

አዘጋጆቹ ያን ፊት ከየት አመጣኸው ይሉኛል። አንቺ ታውቂዋለሽ። ወረታ ሳለን፣ አባባ ላንቺ የመጡትን ሽማግሌዎች ሲመልሱ፣ ከመጋረጃው ጀርባ እጄን ጨብጠሽ ቆመሽ ነበር። በዓመቱ አገር ለቀሽ ሄድሽ። እኔ ግን ያን የአባባን ፊት እንጀራ አድርጌ ኖርሁበት። የአባባን ሱቅ ጥዬ ለቴአትር ልምምድ ስጠፋ ተልኮ ነው እያልሽ የሸፈንሽልኝ አንቺ፣ በዚህም አንድም ቀን አልወቀስሽኝም።

ባለፈው እሑድ በስንት ልመና እሺ ያሉ ሽማግሌዎች መጡ። መሪያቸው ሼህ ዓብደላ ከበሩ አልፌ አልገባም አሉ፤ በቴሌቪዥን በሽማግሌዎች ላይ ውሃ ስታስደፋ አይተናል፣ እዚሁ ቁመን ተናግረን እንሂድ አሉኝ። ሳቄ መጣ። ወዲያው ከጓዳው መጋረጃ ሥር የሪሃብን እግር አየሁና ሳቄ ጠፋ። የምለው ቸገረኝ፤ እሺ የሚል አባት ሆኜ አላውቅማ። ሄጄ መጋረጃውን ገለጥሁና ትፈልጊዋለሽ ወይ ብዬ በሰው ፊት ጠየቅኋት። አንገቷን ደፍታ አዎ አለች። ከዚያ በኋላ እሺ ማለቱ አላስቸገረኝም።

እኅቴ፣ ያን ቀን እጄን ባትጨብጪኝ ኖሮ መጋረጃውን መግለጥ ትዝ አይለኝም ነበር። አላህ ውለታሽን ይክፈልልኝ። ኒካሁ በጥር ነው፤ ካለ አንቺ አይሆንምና ነይልን።

ለባልሽ፣ ለልጆችሽ ሁሉ በያሉበት ሰላምታዬን አድርሺልኝ። ሪሃብ ጉልበትሽን ስማለች። እናቷም ሰላም ብላሻለች። ትናንት መጋረጃውን አጥባ ስቀልልኝ ብትለኝ፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቤ እምቢ አልኋት።

ወንድምሽ ሙሐዲን
ባሕር ዳር፣ ዓባይ ማዶ
ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.