የአባባ ድርሻ

ለምወድሽ ታላቅ እህቴ ለዩት ኪዩ ይድረስ። ከሼንዘን ሙቀትና ከልብስ ስፌት ፋብሪካው ጫጫታ ጋር እንዴት ሰነበትሽ? እኛ እንደተውሽን አለን።

እሑድ ለእራት ጣፋጭና ኮምጣጣውን የአሳማ ሥጋ የሠራሁት እኔ ነኝ። ድሮ አባባ ምድጃው አጠገብ ማንንም አያስጠጋም ነበር፤ አሁን ወንበር ላይ ተቀምጦ ያሠራኛል። «አውጪውና ዘይቱ በደንብ ሲግል መልሰሽ ጥበሺው። ጥርስ ሥር ቀጭ ቀጭ ካላለ የእኔ ልጅ አይደለሽም» አለኝ። ከዚያ ኮምጣጤውንና ስኳሩን አመጣጥኜ አናናሱን ጨመርኩ።

ትዝ ይልሻል፣ ጠርዙ የደረቀውን ቁራጭ ከመብያ እንጨትሽ ላይ እየነጠቀ «አንቺ ሆዳም፣ ሽማግሌ ይቀድማል» ሲልሽ? አንቺ ታለቅሺ ነበር፣ እኔ ደግሞ ጠረጴዛ ሥር ገብቼ እስቅ ነበር። አሁን ደግ ሆኗል። የራሱን ድርሻ አንድ በአንድ እያነሳ በእኔና በእማማ ሳህን ላይ አደረገው።

«ብሉ፤ እኔስ ሥጋው ሲጠበስ ሽታው አጥግቦኛል» አለ።

«ደግሞ ሽታ ያጠገበው ሰው አየን» አለች እማማ እየሳቀች። ሳቋን ሳትጨርስ ወጥ ቤት ገባች። እሱ ለብቻው የተሠራለትን የሩዝ አጥሚት ትንሽ በማንኪያ ቀመሰ።

ቀበቶውን ትናንት በምስማር በሳሁለት፤ ለማጥበብ የጨመርኩለት ሦስተኛ ቀዳዳ ነው። «ወጣት መሰልኩ» ብሎ ቀለደ።

ለአዲስ ዓመት እመጣለሁ ያልሽውን ነግሬያቸዋለሁ። ግን ከዚያ በፊት ለሚውለው የመኸር ጨረቃ በዓልም ዕረፍት ይሰጧችኋል አይደል? አባባ ጠይቂያት አላለኝም፣ በራሴ ነው። ዘንድሮ አዲስ ዓመት በጣም ራቀብኝ።

እማማና አባባ በናፍቆት ሰላም ብለውሻል።

ታናሽሽ ዩት ፎንግ