እንባሽ ለምን እንደደረቀ ገባኝ

እማዬ፣ እንደምን አለሽልኝ? ከተለየሽኝ ይኸው አራተኛው ክረምት ገባ። ቤቱ ደህና ነው። ጣሪያው ቆርቆሮ ለብሷል፤ ድንቹም ዘንድሮ ከበረዶ ተርፏል። እኔ ላሊበላ ሆስፒታል የአእምሮ ሕሙማን የሚታዩበት ክፍል በነርስነት እየሠራሁ እማራለሁ። የማጠናው የአእምሮ ሕመም መድኃኒት በሰው ስሜት ላይ የሚያመጣውን ጣጣ ነው። ያንቺ ነገር እንደገፋፋኝ ግን ለማንም አልተናገርኩም።

ወንድምሽ ሙጃ ከተማ የተቀበረ ዕለት ትዝ ይልሻል? መድኃኒቱን ከጀመርሽ ዓመት ሆኖሽ ነበር። ለአንቺ ብቻ እየተሰሙ ያስጨንቁሽ የነበሩት ድምፆች ጠፍተው ቤታችን ሰላም አግኝቷል። ለቅሶው ላይ ግን ሴቱ ሁሉ ደረቱን ሲመታ አንቺ በደረቅ ዓይን ተቀመጥሽ። እህትሽ፣ አክስቴ፣ ሰው እየሰማ «የእናቴ ልጅ ልቧ ድንጋይ ነው» አለች። ስንመለስ «ልጄ፣ ማልቀስ እፈልጋለሁ፤ እንባው እንቢ አለኝ» አልሽኝ። አፍሬብሽ ስለነበር አልመለስኩልሽም። እስክትሞቺም ይቅርታ አልጠየቅሁሽም።

ባለፈው ጥቅምት አንዲት የገጠር እናት መጣች። «ድምፁስ ተወኝ፤ ልጄን ስስማት ግን እንጨት የሳምኩ ይመስለኛል» አለችኝ። መጻፌን አቁሜ አየኋት። መድኃኒቱን በራሷ ልትተወው ቆርጣ ነበር፤ ለምኜ ሐኪሙ ዘንድ ወሰድኳት። መጠኑን ቀስ በቀስ ቀነሰላት። በሁለተኛው ወር ሳታንኳኳ ገብታ «አለቀስኩ! ልጄ ስትዘፍን ሰምቼ አለቀስኩ!» እያለች አቀፈችኝ። ድምፁም አልተመለሰባት።

ሐኪሙ «ሁሉም ላይ እንዲህ አይሆንም፤ ሕመሙም ራሱ ስሜት ያደርቃል» ብሎኛል። ስለ አንቺ እርግጡን አላውቅም፤ ልብሽ ድንጋይ እንዳልነበረ ግን አወቅሁ። እፎይ አልኩ፣ እማዬ።

ለአክስቴ ነገርኳት። «ታዲያ ምነው አንድ ቀን እንኳ ሳንጠይቃት ቀረን?» አለች። እሑድ ነጠላዋን አዘቅዝቃ መቃብርሽ ድረስ ሄደች፤ እንዳዲስ አለቀሰችልሽ። ስትመለስ ፊቷ በርቶ ነበር።

አሁን ለሕክምና የሚመጣውን ሁሉ «ማልቀስ ትችያለሽ? ሳቅስ ይመጣልሃል?» እያልኩ እጠይቃለሁ፤ ይህንንም አልተውም። አንቺን ግን በለቅሶው አላስታውስሽም። ጋሸና መታጠፊያው ላይ አብረን የተሳፈርንበትን አውቶቡስ ጭቃ ሲውጠው፣ ከወንዶቹ ጋር ገፍተሽ ጭቃው ፊትሽን ሲያለብስሽ፣ ሆድሽን ይዘሽ የሳቅሽውን ሳቅ ነው የያዝኩት። እሱን እስክንገናኝ አልረሳውም።

ልጅሽ