የትልቋ አክስቴ ሳል

ይድረስ ለትልቋ አክስቴ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ነው? ወገብዎስ? ያ የማይለቅዎ ሳልስ? እኛ ደህና ነን፤ እናቴም ደህና ናት። እኔ ግን ኃጢአተኛ ነኝና ተቀምጠው ያንብቡ።

እኔ የእህትዎ ልጅ፣ ዕድሜዬ አሥራ አምስት፣ ሙሉ አእምሮ እያለኝ፣ ማንም ሳያስገድደኝ፣ እርስዎ ለእናቴ የጻፉላትን ደብዳቤ ከቦርሳዋ አውጥቼ ማንበቤን አምናለሁ። ፖስታውን ቀድማ የከፈተችው እሷ ስለሆነች ግማሹ ጥፋት የእሷ ነው። የማህተም ቀለሟንም ወስጃለሁ፤ እሱን ኋላ እናነሳዋለን። መርፌ የምትለኝ በከንቱ አይደለም፤ ቀጭን ነኝ፣ የማልገባበት የለም።

ቦርሳ ያስፈተሸኝ ግን ጥርጣሬ ነው። እናቴ ከወር ወዲህ ረቡዕና ቅዳሜ አሥራ አንድ ሰዓት ሲል፣ ልብስ ሰፊ ዘንድ ደርሼ ልምጣ ብላ ትወጣለች። ስምንት ጊዜ ሄዳ አንዲት ቁልፍ እንኳ አልተተከለላትም። ከመውጣቷ በፊት የምታየው ደግሞ መስታወት ሳይሆን አንድ ሰማያዊ ደብተር ነው። መስታወት ቢሆን ይገባኝ ነበር። ደብተር ይዞ ልብስ ሰፊ ዘንድ የሚሄድ ሰው አይተው ያውቃሉ?

እንደሚያውቁት ሃያ ዓመት ዎርድ ውስጥ ነርስ ሆና፣ ሐኪም ያዘዘውን ስትፈጽም ኖራለች። ከዚያ ሁለት ዓመት ተምራ ስትመለስ ጤና ጣቢያው የራሷን ክፍል ሰጣት። አሁን ራሷ ትመረምራለች፣ ራሷ መድኃኒት ታዛለች። በሩ ላይ ከስሟ ሥር ማንም አንብቦ የማይጨርሰው ረጅም ማዕረግ ተለጥፏል። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብዬ እጠብቃት ነበር። አንድ ሽማግሌ ተመርምረው፣ ሸሚዛቸውን ቆልፈው፣ መድኃኒታቸው ከተጻፈላቸው በኋላ በሩ ላይ ቆም አሉና ሐኪሙ መቼ ነው የሚመጣው ብለው ጠየቋት። እኔው ነኝ አባባ አለቻቸው። አንገታቸውን ሰገግ አድርገው ከኋላዋ ማን እንዳለ አዩ።

እኔ በሳቅ ፈረስኩ። እሷ ግን ወረቀቱን ይዛ ጎረቤት ክፍል ያለው ወጣት ዶክተር ዘንድ ገባች። ምን ልታደርግ መሰለዎ? ማህተም ልታስመታ! ስሟ የተቀረጸበት የራሷ ቲተር ከተሰጣት ሦስት ወሯ ነው። ያ ልጅ ደግሞ ለልምምድ የመጣ ጊዜ የደም ሥር መፈለግ ያስተማረችው እሷ ናት። ቤት ገብቼ ቦርሳዋን ስፈትሽ፣ ቲተሯ እንደ ሙሽራ ጫማ ሳጥኑ ውስጥ ተኝቷል፤ ጠብታ ቀለም አልነካውም። ቀለሙን የወሰድኩት ያኔ ነው። እሷ ካልተጠቀመችበት ብዬ ከላጲስ ማህተም ቀርጬ፣ የክፍላችንን ግማሽ ልጅ ክንዱ ላይ መትቼዋለሁ።

ከሳጥኑ ሥር የእርስዎ ደብዳቤ ነበር። የነርስ ሥራ መደገፍ ነው፣ እኔም ጡረታ እስክወጣ እንዲያ ነው የኖርኩት፣ በስምሽ ፈርመሽ አንድ ቀን ብትሳሳቺ ከጎንሽ የሚቆም የለም፣ ወደ ዎርድሽ ተመለሽ ብለዋታል። ቀኑን ስቆጥረው፣ የልብስ ሰፊው ነገር የጀመረው ደብዳቤዎ በደረሰ ሳምንት ነው። አብሮት ሰኞ ሳምንት ለጤና ጣቢያው የምትመልሰው ቅጽ ታጥፏል፤ በክፍሌ እቀጥላለሁ፣ ወይም ወደ ቀድሞ ሥራዬ እመለሳለሁ። አንዱም ላይ ምልክት አላደረገችም። እውነቱን ልንገርዎ፣ የቀኑባት መሰለኝ።

ትናንት ቅዳሜ ተከተልኳት። ልብስ ሰፊው ማን ሆኖ ተገኘ? ድሮ እርስዎ አብረዋቸው ይሠሩ የነበሩት ጡረተኛው ዶክተር! እሳቸው ሚስት የላቸው፣ እናቴ ባል የላት፤ በቃ የእንጀራ አባት ሊመጣብኝ ነው ብዬ በረንዳው ሥር ካለው የውሃ በርሜል ጀርባ ተደበቅሁ። የፍቅር ቃል ስጠብቅ የሰማሁት ስለ አንዲት ሴትዮ ተቅማጥ ነው።

እናቴ ደብተሩን ገልጣ፣ የማንንም ስም ሳትጠራ፣ የሳምንቱን ሕመምተኞች ታነባለች። ይህን አየሁ፣ ይህን አዘዝኩ፣ ልክ ነኝ ወይ ትላለች። እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ደግ አድርገሻል ይላሉ። በአርባ አራት ዓመቷ የቤት ሥራ ታሳርማለች! እኔን የቤት ሥራሽን ራስሽ ሥሪ የምትለኝ ሴት!

ከዚያ ጉልበቱን ስለሚያመው አንድ ሰው አነበበች። ዶክተሩ፣ ምነው የተለመደውን ማስታገሻ አልሰጠሽውም፣ ጠንከር አድርገሽ እዘዢለት አሉ። እናቴ ጣቷን መስመሩ ላይ አሳረፈች። ይቅርታ ያድርጉልኝ ዶክተር፣ የሰውየው ኩላሊት ደክሟል፣ ያ መድኃኒት ይጎዳዋል፣ ለዚህ ነው ሌላ ያዘዝኩለት አለች። ድምጿ አልተንቀጠቀጠም። ኩላሊቱ መድከሙን እኮ አስቀድማ አንብባላቸዋለች፤ ሆን ብለው የተሳሳቱ ይመስለኛል። ሽማግሌ አይታመንም።

ዓይናቸውን ገልጠው ሳቁና፣ እህትሽ ብትሆን ትስል ነበር አሏት።

ጉድዎ የወጣው ያኔ ነው አክስቴ። እሳቸው ጀማሪ ሐኪም ሳሉ፣ ነርስ ሐኪምን ተሳስተሃል ማለት በማትችልበት ዘመን፣ እርስዎ ከኋላቸው ይቆሙ ነበር አሉ። ብዕራቸው ከሳተ፣ ኡሁ! ብዕሩ ይቆማል፣ ይሰረዛል፣ እንደገና ይጻፋል። እርስዎ ዝም ካሉ እሳቸው ይፈርማሉ። እኛ ደግሞ ይህን ሁሉ ዓመት ለሳልዎ ማር ስንልክ!

ከዚያ ሳቃቸው ጠፋ። አንድ ቀን ተጣድፌ ነበር፣ ሁለቴ ሳለች፣ አልሰማኋትም አሉ። በማግሥቱ ዝውውር ጠየቀች አሉ። ያን ቀን ያከሟት ታማሚ ምን እንደደረሰባት አልተናገሩም፣ እናቴም አልጠየቀቻቸውም። ሁሉን ካልጠየቅሁ እንቅልፍ የማይወስደኝ እኔ እንኳ ባይናገሩ ይሻላል አልኩ።

አክስቴ፣ ያን ቀን የራስዎ ቲተር ቢኖርዎስ? ከትናንት ጀምሮ ይኸው ነው በልቤ የሚመላለሰው። ቀኑባት ማለቴን ይቅር ይበሉኝ። ደብዳቤዎን ዛሬ ደግሜ ሳነበው የእጅ ጽሕፈትዎ ራሱ የሚንቀጠቀጥ መሰለኝ። እናቴ ግን መሳል አያስፈልጋትም፤ አፏን ከፍታ ተናገረች፤ በጆሮዬ ሰምቻታለሁ። እባክዎ ሰኞ ሳምንት ሳይደርስ ይደውሉላትና ያን ምክርዎን ይመልሱት። ማን ነገረዎት ካለችዎ እኔን አያውቁኝም። በርሜልም አላዩም።

ቆይ፣ ከወዲያኛው ክፍል ሳጥን ሲከፈት ሰማሁ። ወረቀትም ተዘረጋ። አሁን መሳቢያው ይበረበራል...

«አንቺ መርፌ! የማህተሜን ቀለም የት አባሽ ነው ያደረግሽው?»

ተያዝኩ። ሦስት ወር ሙሉ አንድ ቀን ፈልጋው አታውቅም ነበር።

ዕድሜ ይስጥልኝ፣ ወገብዎን ይማርልኝ። ሳልዎን ግን እንዳይምረው!

የእህትዎ ልጅ