እትዬ አስካለን ያልጠየቅኳቸው

ሰኞ

ፋይሉ ላይ ተጽፏል። «ደም የለም» ይላል። እንዲያ ያልኩት እኔ ነኝ።

የሆስፒታሉ ዶክተር ወረቀቱን እያገላበጠች፣ ባለፈው ዓመት ጂፒው፣ የሰፈራቸው ሐኪም፣ ጠይቋቸው እትዬ አስካለ ምንም የለብኝም ማለታቸውን አነበበች። እሳቸው አጠገቤ ተቀምጠው የቦርሳቸውን ማንገቻ ይነካካሉ። ካንሰር ነው፣ የማህፀን በር። ቆይቷል አለች። ይህንንም የተረጎምኩላቸው እኔው ነኝ። ድምፄ እንኳ አልተንቀጠቀጠም።

ማክሰኞ

ዌምብሊ፣ የምሠራበት ልብስ ሱቅ ውስጥ የሴት ቀሚስ የወንዶች መስቀያ ላይ ስሰቅል ዋልኩ።

ልጻፈውና ይውጣልኝ። ባለፈው ዓመት ያን ቀን አርችዌይ፣ ጂፒው ጋ ሦስት ሆነን ገባን፤ እትዬ አስካለ፣ ባላቸው ጋሽ ከበደና እኔ። አስተርጓሚ ቡክ ማድረግ ይቻል ነበር፤ እትዬ ግን ባዳ ገመናዬን አይሰማም ብለው የቸርች ልጅ ስለሆንኩ እኔን ወሰዱኝ። ዶክተሩ ወጣት ፈረንጅ ነው። ከባለቤቷ ጋር ከተኛች በኋላ ደም ታያለች ወይ ብለሽ ጠይቂልኝ አለኝ።

የእናቴን እኩያ፣ አንቱ የምላቸውን ሴት፣ ያውም ባላቸው ፊት! ጆሮዬ ጋለ። «እትዬ፣ ከጋሽ ከበደ ጋር ደህና ናችሁ?» አልኳቸው።

«እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ።

ወደ ዶክተሩ ዞሬ ደም የለም አልኩት። ጻፈ። እኔም ጨዋ ነኝ ብዬ በራሴ ተደስቼ ወጣሁ።

ረቡዕ

ልጄ ሊያ ለትምህርት ቤት ስለ ንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን ትጽፋለች። ሽንኩርት ስከትፍ ታነብልኛለች። ያኔ እዚሁ እንግሊዝ አገር ብዙ ሴት ስለ ገላዋ ለሐኪም መናገር ታፍር ነበር፤ ስለ ወንድና ሴት ነገር ምንም ሳትሰማ የምትዳርም ነበረች አለችኝና ሳቀች። አሁን ባስ ስቶፑ ላይ ጡት መያዣ ብቻ የለበሰች ሴት ተለጥፋለች፣ የጂፒው ግድግዳ ላይ የኮንዶም ፖስተር አለ። ከፖስተሩ ሥር ቁጭ ብዬ ነው እኔ አንዲት ጥያቄ የዋጥኩት።

ሊያም የወር አበባዋ ሲመጣ ፓዱን አልጋዋ ላይ አስቀምጬ፣ በሩን ዘግቼ የወጣሁ እናት ነኝ። የቀረውን ትምህርት ቤት ነገሯት።

ዛሬ ሁሉንም ነገርኳት። ሳቋ ቆመ። «ማሚ፣ ጀስት ቴል ሀር» አለችኝ። «በቃ ንገሪያቸው፤ ማወቅ አለባቸው።»

ሐሙስ

ለእትዬ ሁለት ጊዜ ደወልኩ። ሁለቴም ሳያነሱ ዘጋሁት።

ዓርብ

እትዬ ቤት ሄድኩ። ጋሽ ከበደ ቸርች ነበሩ። ኮቴን ሳላወልቅ ኮሪደሩ ላይ ተናገርኩ፣ አለቀስኩም። እትዬ አላለቀሱም።

«የዶክተሩ ጥያቄ ገብቶኝ ነበር እኮ ልጄ። ሃያ ዓመት እዚህ ኖሬ ያቺን ታህል እንግሊዝኛ አላጣም። ደሙም ነበር። ከበደ ፊት ስላላሳፈርሽኝ ያን ቀን ቤቴ ገብቼ መረቅኩሽ።»

ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ያን ምርቃት ምን ላድርገው?

ሰኞ

ስለ ሕክምናው ሊያነጋግሩን ተጠራን። ጋሽ ከበደም መጡ። ዶክተሯም ያችኑ የጂፒውን ጥያቄ አመጣች፤ አብረው ሲተኙ ያማቸዋል? ደምስ? ጆሮዬ እንደዚያን ቀን ጋለ። ቃል በቃል ጠየቅኳቸው።

ጋሽ ከበደ ወለሉን አዩ። እትዬ ቦርሳቸውን ከጭናቸው አወረዱ። ከዚያ እኔን አልፈው ለዶክተሯ በእንግሊዝኛ መለሱ። «የስ። ሎንግ ታይም።»

«ለምን አልነገርሽኝም?» አሉ ጋሽ ከበደ።

«አፍሬ» አሉ እትዬ።

ጋሽ ከበደ የሚስታቸውን እጅ ያዙ። ሰው ፊት እጃቸውን ሲይዙ አይቼ አላውቅም።

ይድናሉ ወይ ብዬ ዶክተሯን ጠየቅኳት። ቃል መግባት አልችልም፣ ቀድማ መጥታ ቢሆን ይቀል ነበር አለች። እትዬ አስካለ አፌን አፌን ያዩኛል። ምንም ሳልቀንስ ተረጎምኩላቸው።